አንድ መስመር ብቻ ለመረጡልን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሰፈራችን የቤት ኢንተርኔት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ በመጪው ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስለምናደርግልዎ ጉብኝት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና እጠይቃለሁ። ቢሮዎ መስኮት ላይ ከመንገድ ሆኜ የማየው ያ የአበባ ተክልም ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቅጠሉ ሲያንጸባርቅ ሳይ፣ በእርስዎ አስተዳደር ሥር ሳይቆራረጥ የሚደርሰው አገልግሎት ቢኖር የእሱ ውኃ ይመስለኛል። እኔና ቤተሰቤ ከመስመራችን በስተቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ማንም አልጻፈልኝም፤ ባለቤቴ እንኳ «አሁንስ በቃህ፣ ራቱ ቀዘቀዘ» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አላዋጣችም። ይህን መግለጼ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሶፋና ወንበር ሳድስ ኖሬ፣ ፈርም በተባልኩ ቁጥር አውራ ጣቴን ቀለም ስነክር ኖሬ፣ ካቻምና የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከለየሁ ወዲህ ይኸው ለሥራ አስኪያጅ የምጽፍ ሰው ሆኛለሁ። መምህርታችን በሃምሳ አራት ዓመቱ እንዲህ የፈጠነ ተማሪ አይታ አታውቅም። በአፏ አላለችውም፤ እኔ ግን ፊቷ ላይ አንብቤዋለሁ።

ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ዕረፍት የለኝም፣ ክቡር ሆይ። የሳሙና መጠቅለያ አነባለሁ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ አነባለሁ፣ አውቶቡስ ገና ከሩቅ ሲመጣ ግንባሩ ላይ ያለውን ጮክ ብዬ ስለማነብ ሰልፉ ላይ ያሉ ሰዎች ረዳት መስያቸው መውረጃቸውን ይነግሩኛል። ምሳዬን ከበላሁ በኋላ ሠላሳ ዓመት ተደግፌው ያረፍኩበት ግድግዳ ላይ «እዚህ መቆም ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። ባነበብኩት ቀን ክው ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብዬ እቆማለሁ፤ የተጻፈ ነገር አከብራለሁና። ይህ ጠባዬ ወደ ታች ለሚመጣው ጉዳይ ያስፈልግዎታል።

(ይቅርታ፣ ተነስቼ የዋይፋዩን ሳጥን አይቼ መጣሁ። መብራቱ ቀይ ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህርታችን ባለቤቷ ሥራ ተቀይሮ ሌላ ከተማ ስትሄድ እኛን ሜዳ ላይ ጥላ መሄድ አንጀቷ አልቻለም፤ ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ታስተምረናለች። ተማሪዎቹ ዘጠኝ ነን፤ የምንሰበሰበው እኔ ቤት ነው፤ ምክንያቱም በሰፈሩ የሶፋ ችግር የሌለበት ቤት የእኔ ብቻ ነው። ለዕድሳት የመጡ የሰው ሶፋዎች ላይ ተደርድረን፣ የልጄን ኮምፒውተር የተገለበጠ በርሜል ላይ አስቀምጠን እንማራለን። ባለንብረቶቹ ይህን ደብዳቤ ካነበቡ፣ ሶፋችሁ የዘገየው ጥንካሬው እየተፈተሸ ስለሆነ ነው።

በመጪው ሐሙስ የመጨረሻው የንባብ ፈተና ነው። ሦስት ፈታኞች በስክሪኑ ብቅ ይሉና እያንዳንዳችን አንድ ገጽ እናነብላቸዋለን። ያነበበ ያልፋል፣ ያልተገኘ ዓመቱን ይደግማል፤ ሌላ ቀጠሮ የለም። እኔን ደግሞ የሙያ ማሰልጠኛው ወንበርና ሶፋ ማደስ እንዳስተምር ጠርቶኛል፤ የጠየቀኝ ወረቀት ቢኖር የዚህን ፈተና ምስክር ወረቀት ብቻ ነው፣ እሱንም እስከ ወሩ መጨረሻ። ሠላሳ አንድ ዓመት በእጄ የያዝኩትን ነገር ሰው ፊት ቆሜ ላስተምር የቀረኝ አንድ ገጽ ነው፤ በዚያ ገጽና በእኔ መካከል ደግሞ እርስዎ አሉ። መስመራችን ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ዛሬ አሥራ ስድስት ቀኑ ነው።

ሰው ሲያመሰግን በተራ ማመስገን አለበትና ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ከምርጫ ጭንቀት ስለገላገሉኝ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር መስመሩ እንዲፈጥንልኝ ለመጠየቅ መጥቼ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ቅጽ ራሴ ሞላሁ። «የሚመርጡትን የአገልግሎት ዓይነት ያመልክቱ» ይላል፤ ከሥሩ «መደበኛ»፣ «ፈጣን»፣ «እጅግ ፈጣን» እና «ልዩ» የሚሉ አራት ሳጥኖች አሉ። እኔም ከሙሽራ ምርጫ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ሩብ ሰዓት አስቤ «እጅግ ፈጣን» ላይ ምልክት አደረግሁ። መስኮት አራት ያለችው ልጅ ቅጹን አይታ፣ «አባባ፣ በእናንተ በኩል መደበኛው ብቻ ነው የሚሠራው» አለችኝና በእስክሪብቶ ሰርዛ መለሰችልኝ። ታዲያ ሌሎቹ ሦስቱ ለምን ተጻፉ ብዬ ብጠይቃት፣ «ቅጹ እንዲህ ነው የሚመጣው» አለች። ሌላ ድርጅት ልሂድ እንዳልል በእኛ በኩል ሌላ ድርጅት የለም። ከመንገዱ ማዶ ባሉት ሕንፃዎች ሦስት ድርጅቶች ደንበኛ ለመንጠቅ በር ላይ ይጋፋሉ። መንገዱን ለክቼዋለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው። የእርስዎ ድርጅት ትልቁ ማስታወቂያ ማዶ ተተክሎ ፊቱን ወደ እኔ መስኮት አዙሮ «ምርጫው የእርስዎ ነው» ይላል። መጋረጃ በከፈትኩ ቁጥር ይቀልድብኛል። ድሮ ማንበብ ሳልችል ሥዕሉን ብቻ እያየሁ የሽንት ቤት ቀለም ማስታወቂያ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ይሻለኝ ነበር።

፪. ሳጥኑ ላይ ስለለጠፉልን ጽሑፍም አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት አልሸሽግም። የዋይፋዩ ሳጥን ጀርባ «ያለ ባለሙያ አይንኩ» እንደሚል ባነበብኩ ጊዜ ቤተሰቡን ሰብስቤ አስጠነቀቅሁ፤ አቧራው እንኳ እንዳይጠረግ ከለከልኩ። መስመሩ መንቀርፈፍ ሲጀምር ለእርዳታ ስልካችሁ ብደውል ሰውየው፣ «ጋሼ፣ አጥፍተው ያብሩት» አለኝ። እኔም፣ ባለሙያ አይደለሁም፣ ጽሑፉ አይንኩ ይላል፣ ንኩ የሚል ካለ በጽሑፍ ይላክልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳልነካ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ እኔ ገበያ በሄድኩበት አጥፍታ አበራችው፤ ለሁለት ቀን ሠራና እንደገና ሞተ። እሷ እስከ ዛሬ ባለሙያ ነኝ እያለች በቤቱ ትንጎራደዳለች።

፫. ስለ ጥገና ሠራተኞቻችሁ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በስድስተኛው ቀን አንድ ትሑት ልጅ መጥቶ ምሰሶውን ሽቅብ አየና ችግሩ ያለው ላይ ነው፣ መሰላሉ ደግሞ በሌላ መኪና ነው ብሎ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ሌላ መኪና መጥቶ መሰላሉን ምሰሶው ላይ አስደግፎ ሄደ። መሰላሉ እስካሁን አለ። የሰፈሩ ድመቶች አመስግነው አይጠግቡም።

(አሁንም አይቼ መጣሁ። ቀይ ነው። ባለቤቴ «በዓይንህ ብዛት ነው የሚሞተው» አለችኝ።)

፬. መሰላሉ በቆመ ማግስት በስልኬ አንድ መልእክት ላካችሁልኝ። የስልክ ምልክት እኛ ግቢ የሚገባው ጣሪያ ላይ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ ጣሪያ ላይ ሆኜ አነበብኩት፤ «ችግርዎ ተፈቷል። በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? እጅግ ከረኩ ፩፣ ከረኩ ፪ ብለው ይላኩ» ይላል። ያልረካ ሰው የሚልከው ቁጥር የለም። እዚያው ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብዬ ረጅም ጊዜ አሰብኩ። እርካታ እንኳ በእናንተ በኩል ያለው መደበኛው ብቻ መሆኑ ገባኝ።

አምስተኛው በቁጥር አይገባም። ምስጋናም አይሆንልኝም። ስለዚህ ዝም ብዬ ልንገርዎ።

ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ አትክልት የሚሸጡ እናት ናቸው፤ ሲቀመጡም ሲነሡም ጉልበታቸውን ስለሚጠሩ ተማሪው ሁሉ እማማ ጉልበቴ ይላቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ቃል እየቆራረጡ ሲታገሉ ከርመው፣ መስመሩ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ገጽ ሊያነቡ ተነሡ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሳሉ መስመሩ ተቋረጠ። የመምህርቷ ምስል ዓይኗ እንደፈጠጠ፣ አፏ እንደተከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። እማማ ጉልበቴ ቀና ብለው አዩዋትና ተደንቃ መሰላቸው። ፈገግ አሉ፣ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ገጹን እስከ መጨረሻው አነበቡ። አንድም ቃል አልሳቱም። ስምንታችንም እናውቅ ነበር፤ አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። ሲጨርሱ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ፤ እሳቸው እንደሆኑ ጆሮአቸው ትንሽ ከበድ ይላል። «ጎበዝ ብላለች፣ እማማ» አልኳቸው። እኔ በሥራዬም በኑሮዬም ለጉራ ብዙ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ ለእናንተ ድርጅት ብዬ የዋሸሁት ግን ይኸው አንዱ ነው። ሐሙስ ያንን ገጽ ሰው እየሰማቸው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ሳጥኑን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ መስኮት ላይ አውጥቼዋለሁ፣ መታጠቢያ ቤት የተደፋ ባልዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ። መንገድ ተሻግሬ ማዶ ካለው ካፌ ለመቀመጥ ሞክሬአለሁ፤ አስተናጋጁ ዘጠኝ ሰው ጮክ ብሎ ሊያነብበት እንደሆነ ሲሰማ ሙዚቃውን አላጠፋም፣ እንዲያውም ጨመረው። በመጨረሻ ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ፣ ድርጅትዎ በለገሰኝ ባዶ ምሽቶች፣ ድርጅትዎ የሰጠኝን ውል ማንበብ ጀመርኩ።

ሃያ ሁለት ገጽ ነው። ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል። ከሁለት ዓመት በፊት ልጄ መስመሩን ስታስገባ አውራ ጣቴን ያሳረፍኩበት ወረቀት ነው፤ አሁን መርፌ ስሰካ የማደርገውን መነጽር አድርጌ፣ ጣቴን ከመስመር መስመር እያስኬድኩ፣ በአሥራ ሁለት ምሽት ጨረስኩት። ባለቤቴ እንደምትለው በዚህ ትጋት ሶፋ ባድስ ኖሮ የከተማውን ሁሉ ጨርሼ ነበር። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነሣሁ። ቃል በቃል ልጥቀስልዎ፦

«አንቀጽ ፴፯። በደንበኛው መኖሪያ ያለው መስመር በተከታታይ ከአምስት ቀን በላይ ከተቋረጠ፣ ድርጅቱ ጥገናው እስኪጠናቀቅ ድረስ ደንበኛውና አብረውት የሚገለገሉ ሰዎች አገልግሎቱን በሚፈልጉበት ሰዓት በአቅራቢያው ባለ ቅርንጫፍ አዳራሽ የሚጠቀሙበትን ስፍራ ያመቻቻል።»

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤቴንም ጠርቼ አነበብኩላት። «እንዲህ ብለው የጻፉልህ እነሱ ናቸው?» አለች። እነሱ ናቸው አልኳት። «ሳያነቡት ነው» አለች።

በማግስቱ ውሉን በብብቴ ይዤ አዳራሻችሁ መጣሁ። አዳራሻችሁን ሳላመሰግን አላልፍም፤ የመስመር መጥፋትን ለማመልከት ወረፋ በያዝኩበት ወንበር ላይ መስመሩ እንደ ቧንቧ ውኃ ይወርዳል። የወንበሮቹ ስፖንጅ አልቆ ብረቱ ይወጋል እንጂ ሌላ ነቀፋ የለኝም። ተራዬ ሲደርስ ለመስኮት አራት ልጅ አንቀጽ ሠላሳ ሰባትን አነበብኩላት። እሷ መስኮት ሦስትን ጠራች፣ መስኮት ሦስት ከኋላ ያለውን ባለ ከረቫት ጠራ፤ ሦስቱ አንገታቸውን አጋጥመው ውሌን ማንበብ ያዙ። ባለ ከረቫቱ የፊተኛውን ገጽ ገልብጦ ማኅተሙን አየና፣ «ይሄ የእኛ ውል ነው?» አለ። የእናንተ ነው፣ ጣቴም እዚያው አለ አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት ደንበኞች «ስንተኛው ገጽ ነው ጋሼ?» እያሉ ቁጥሩን ስልካቸው ላይ ጻፉ። በመጨረሻ ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ፣ «አባባ፣ እንዲህ ያለውን እኛ አንወስንም፤ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ያቅርቡ» አለችኝ።

ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው «በጽሑፍ ያቅርቡ» ማለት ወደ ቤትህ ሂድ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ተብያለሁ፣ ብዙ ጊዜም ሄጃለሁ። አሁን ግን ይኸው አቀረብኩ።

ስለዚህ በውላችሁ መሠረት የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እኔና ስምንት የክፍል ጓደኞቼ የልጄን ኮምፒውተር ይዘን አዳራሽዎ እንገባለን። ቢሮዎ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እንደሚዘጋ በሩ ላይ አንብቤአለሁ፤ ይሁን እንጂ ውሉ የሚለው «በሚፈልጉበት ሰዓት» ነው፣ የምንፈልግበት ሰዓት ደግሞ ያ ነው። ዘጠኝ ወንበር ይበቃናል። ለእማማ ጉልበቴ የሚሆነው ከበሩ አጠገብ፣ የማይወጋ ቢሆን ደስ ይለናል። መብራት አይጥፋብን። ፈተናው ጮክ ተብሎ የሚነበብ ስለሆነ አምሽተው ከሆነ ድምፃችን ሁለተኛ ፎቅ ቢሮዎ ድረስ ይሰማዎ ይሆናል፤ ካስቸገርንዎ ወርደው ቢያዳምጡን አንቀየምም፣ የመምህርቷም ፊት እስከ መጨረሻው ይንቀሳቀስ እንደሆነ አብረውን ያያሉ።

በሩ ተዘግቶ ካገኘነው አንጮኽም፣ አንሳደብም፣ ድንጋይም አናነሣም። ደረጃው ላይ እንቀመጣለን፤ የአዳራሹ መስመር እስከ ሦስተኛው ደረጃ እንደሚደርስ ትናንት ሞክሬ አረጋግጫለሁ። ለፈታኞቹም ከማንበባችን በፊት የት ሆነን፣ በማን ደጃፍ፣ በምን ምክንያት እንደምናነብ ዘጠኛችንም በየተራ እንነግራቸዋለን። የማነበው አንድ ገጽ ምን እንደሆነ ምርጫው ለእኔ ተትቶልኛል። በዚህ ዓመት እውነተኛ ምርጫ ያገኘሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው። አሥራ ዘጠነኛውን ገጽ መርጫለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ሹመትዎን ያጽናልን፤ ይልቁንም እኛ በምንኖርበት በኩል ቤት ተከራይተው ጎረቤታችን ይሆኑ ዘንድ ምኞቴ ነው። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ሌላ ሰው ያላሰብኩ፣ በየሩብ ሰዓቱ ተነስቼ ቀዩን መብራት እያየሁ እርስዎን የማስታውስ፣ ታማኝና ሌላ የሚሄድበት የሌለው ደንበኛዎ፣

ሶፋ አዳሹ
(ከነፊርማው)

ግልባጭ፦
ለመስኮት አራት፤
ለሰፈሩ ነዋሪ በሙሉ፣ በዳቦ ቤቱ በር ላይ።

ማስታወሻ፦ ይህችን የምጨምረው ደብዳቤውን ላደርስ መጥቼ ደረጃዎ ላይ ተቀምጬ ነው። የበር ጥበቃዎ እጄ ላይ ወረቀት ሲያይ ወደ ጥግ ወሰደኝና አራት ቦታ የታጠፈ የራሱን የቅጥር ውል ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ማንበብ ከቻልክ እስቲ ምን እንደሚል ንገረኝ» አለኝ። አነበብኩለት። በስምንተኛው መስመር ላይ በር ለሚጠብቅ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት መቀመጫ ይሰጠዋል ይላል። ሰውየው በርዎ ላይ ከቆመ ሰባት ዓመቱ ነው። ስለዚህ ለሐሙስ የጠየቅሁት ዘጠኝ ወንበር ወደ አሥር ከፍ እንዲልልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ዘጠኙን ስንጨርስ መልሰን እንደረድራለን፤ አሥረኛው ግን ካለበት አይነሣም።